ለሥራ ወደ ውጭ ሀገር የሚሄዱ ዜጎች ስለ ብድር ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ከአሰላ ከተማና ከአርሲ ደጋማ ወረዳዎች በርካታ ወጣቶች፣ በተለይም ሴቶች፣ ለሥራ ወደ ዓረብ ሀገራት ይሄዳሉ። የመሄጃው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በሬ በመሸጥ፣ የስንዴ ወይም የገብስ ማሳ በማከራየት አልያም በመበደር ነው። ተጓዡ ከሄደ በኋላ አበዳሪው የሚጠይቀው እቤት የቀረውን ቤተሰብ በመሆኑ፣ ከጉዞ በፊት የሚከተሉትን ማወቅ ይገባል።

የአሠሪው ወጪ

በውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ሽፋን ወጪ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና ክትባት ያሉትን ወጪዎች ነው። በመሆኑም ደላላ ለቪዛ ወይም ለአውሮፕላን ትኬት ገንዘብ ቢጠይቅ፣ ለዚሁ ብሎ መበደር አይገባም፤ ጉዳዩን ለወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

የብድር ውል

በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በክርክር ጊዜ በምስክር ቃል ብቻ አይረጋገጥም። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች መፈረም አለበት። ግለሰቦች የሚዋዋሉት ወለድ በዓመት ከመቶ 12 መብለጥ አይችልም። ለምሳሌ 48,000 ብር የተበደረ ሰው የዓመት ወለዱ ቢበዛ 5,760 ብር ነው። በወር ከመቶ 10 የሚታሰብበት አራጣ ከሆነ ግን የአንድ ዓመቱ ወለድ ብቻ 57,600 ብር ይደርሳል፤ ይህም ከዋናው ብድር ይበልጣል። አራጣ በወንጀል የሚያስጠይቅ ድርጊት ነው። ዕዳውን በውጭ ምንዛሪ ከመዋዋልም መቆጠብ ይገባል፤ የምንዛሪው ዋጋ በጨመረ ቁጥር በብር የሚከፈለው ዕዳ ይጨምራልና።

ዋስና የእርሻ መሬት

ዋስ የሚሆን ዘመድ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ ሊጠቀስ ይገባል፤ ካልተጠቀሰ ዋስትናው አይጸናም። መሬት በሕገ መንግሥቱ መሠረት አይሸጥም፤ ማሳ የሚከራይ ከሆነም የኪራዩ ዘመን በጽሑፍ ተወስኖ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት።

ውክልናና አከፋፈል

ተጓዡ ዕዳውን የሚከፍልለት የቤተሰብ አባል ቢወክል፣ የውክልናው ሰነድ ሥልጣን ባለው አካል ይረጋገጥ፤ ሌላ ብድር የመበደር ሥልጣንም አይስጥ። ገንዘብ በባንክ በኩል ቢላክ ለክፍያው ማስረጃ ይሆናል። ለእያንዳንዱ ክፍያ አበዳሪው የፈረመበት ደረሰኝ መቀበል፣ ዕዳው ሲያልቅም የብድሩን ውል መልሶ መረከብ ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ደመወዝ ሊዘገይ ስለሚችል፣ ክፍያው ሥራ ከተጀመረ ከጥቂት ወራት በኋላ ወይም ከመኸር ምርት መሰብሰቢያ ጋር እንዲገጥም መስማማት ይቻላል።

ችግር ሲያጋጥም

ደመወዝ ቢቋረጥ ወይም ውሉ ከጊዜው በፊት ቢፈርስ፣ ሠራተኛው በሚገኝበት ሀገር ላለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ እንዲሁም ላሰማራው ኤጀንሲ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። ቤተሰቡም የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ለአበዳሪው ይንገር፤ በሀገር ሽማግሌዎች ፊት የተደረሰበት አዲስ የመክፈያ ጊዜም በጽሑፍ ይስፈር። አንዱን ዕዳ ለመክፈል ሌላ አራጣ መበደር ግን የቤተሰቡን በሬና ማሳ ለአደጋ ያጋልጣል።