ዕቃው የእኔ፣ ተራው የእነሱ፦ የጫኝና አውራጅ ሙግት

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ አድርጎ መካነ ሰላም የገባ አይሱዙ ላይ ሲሚንቶ ተጭኗል እንበል። ባለሱቁ ደመወዝ የሚከፍላቸው ሁለት ልጆች አሉት፣ እነሱ ያወርዱታል ብሎ ጠርቷቸዋል። ሹፌሩ ሞተር ሳያጠፋ ግን የጫኝና አውራጅ ማኅበር አባላት መኪናውን ከበዋል። «ተራው የእኛ ነው፣ ሌላ ሰው አይነካም!» ባለሱቁ ወይ ይከፍላል፣ ወይ ይጣላል፣ ወይ ፖሊስ ይጠራል። አዲስ አበባም ያው ነው፤ ኮንዶሚኒየም ሲገባ ስለ ሶፋው ማውረጃ ያልተጨቃጨቀ ሰው ካለ ዕድለኛ ነው።

ለመሆኑ ማን ነው ትክክል?

ስሙ እንዳያታልለን። «ማኅበር» የተባለ ሁሉ የሠራተኛ ማኅበር አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል የሚለው፣ አንድ ሰው በአሠሪው መሪነት ደመወዝ እየተከፈለው ለመሥራት ሲስማማ የሚፈጠረውን ነው። በራሱ ኃላፊነት ሠርቶ ዋጋ የሚቀበለውን ሰው አዋጁ አይመለከተውም። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁት ጫኝና አውራጆቻችን ደግሞ አገልግሎት ሻጮች ናቸው፤ ከባለሱቁ ጋር የሥራ ውል የላቸውም። ሻጭ ገዢን «ካልገዛኸኝ» ማለት አይችልም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አንቀጽ 1678 ውል ያለ ፈቃድ አይጸናም፤ በማስፈራራት የተገኘ ፈቃድም በአንቀጽ 1706 መሠረት ውሉን ሊያስፈርስ ይችላል።

ስለዚህ እኔ ከባለሱቁ ጋር ነኝ። ግን እስከዚህ ድረስ ብቻ።

ምክንያቱም ያው ሕግ ሲገለበጥ ሌላ ነገር ያሳያል። አውራጁ ኬሻ እንደተሸከመ ወድቆ ወገቡ ቢሰበር ማን ያሳክመዋል? አዋጁ ላይ ያለው የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ የሚጠየቀው ከአሠሪ ነው። እሱ ደግሞ አሠሪ የለውም። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ወንድ ሠራተኛ በእጁ እንዲሸከም የተቀመጠው ጣሪያ 55 ኪሎ ነው። የእኛ ኩንታል 100 ኪሎ ነው፤ በአንድ ጀርባ ሲሄድ ሁላችንም አይተናል። ለእነዚህ ልጆች ጡረታም፣ ሕክምናም፣ የዓመት ፈቃድም «ተራ» የምትለዋ ቃል ናት። ለዚህ ነው የሚሞቱላት።

ሕንድ ውስጥ ኬረላ የሚባለው ግዛት ይህን ሙግት ከእኛ ቀድሞ ኖሮታል። እዚያ ጫኝና አውራጆቹ እውነተኛ የሠራተኛ ማኅበራት አሏቸው፤ በ1978 የወጣ የራሳቸው ሕግም አላቸው። ይመዘገባሉ፣ የደኅንነት ፈንድም አለ። ይሁን እንጂ ሌላ በሽታ መጣ፦ «ኖኩኩሊ»። ትርጉሙ «የማየት ኩሊ» ዓይነት ነው፤ ዕቃውን ሌላ ሰው ወይም ክሬን ሲያወርደው ቆሞ ላየ የሚከፈል ገንዘብ። (የእኛም «ኩሊ» ከዚያው ከሕንድ አካባቢ የመጣ ቃል ነው።) ግዛቱ ከሜይ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ከለከለው። በ2021 ግን ወደ ቪክራም ሳራባይ የጠፈር ማዕከል ትልቅ መሣሪያ የጫነ መኪና መንገድ ላይ ታግዶ አንድ ሚሊዮን ሩፒ ተጠየቀበት! የሮኬት ዕቃ እንኳ ከተራ አላመለጠም።

ነጋዴዎቹ «የራሴን ቋሚ ሠራተኛ አስመዝግቡልኝ» ሲሉ፣ ማኅበራቱ ሲቃወሙ፣ ነገሩ የኬረላ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ደጋግሞ ሄዷል። እዚያ ክርክሩ ቢያንስ በወረቀት ነው፤ ሠራተኛው ማን እንደሆነ መዝገብ ይናገራል።

ወደ መካነ ሰላሙ ባለሱቅ እንመለስ። «የራሴ ልጆች» የሚላቸው ሁለቱ ወረቀት አላቸው? አዋጁ የሥራ ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ሱቅ ውስጥ የምትሠሩ ልጆች፣ ይህን ወረቀት ጠይቁ፤ ስትቀበሉም ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። የቃል ውልም ውል ነው፣ ግን መኪናው ተከቦ ፖሊስ ሲመጣ ወረቀት ያለው ቶሎ ይሰማል። ወገብ የተጎዳ ቀን ደግሞ ያው ወረቀት ባለሱቁ ላይ ይዞራል። «የፈለግኩትን እቀጥራለሁ» የሚለው ሰው ይህንንም አብሮ እየፈረመ ነው።