ከክራር እስከ ፒያኖ

ፒያኒስቱ ግርማ ይፍራሸዋ በልጅነታቸው ጣታቸውን ያፍታቱት በክራር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 አዲስ አበባ ተወልደው፣ ከፒያኖ ጋር የተዋወቁት በ16 ዓመታቸው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነበር። በአውሮፓ ብዙዎች በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ይጀምራሉ። እሳቸው ግን ዘግይተው ጀምረው ደረሱበት።

ከያሬድ ወደ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ሄደው ተማሩ። ተመልሰውም እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 2001 ድረስ በያሬድ አስተማሩ።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ላቭ ኤንድ ፒስ» አልበማቸው «አምባሰል»ንና ዋሽንት የሚነፋ እረኛን የሚያነሳ ሥራ ይዟል። የአገር ቤት ዜማን በፒያኖ ማሰማት ቀላል ሥራ አይደለም። የማሲንቆ ተጫዋች ጣቱን በጭራው ላይ ሲያንሸራትት ድምፁ አብሮ ይንሸራተታል፤ ፒያኖ ግን 88 ቁልፎቹ እያንዳንዳቸው ቁርጥ ያለ ድምፅ ነው ያላቸው። ያንን ልስላሴ ለማምጣት ፒያኒስቱ ጎን ለጎን ያሉትን ቁልፎች በፍጥነት እየነካካ ዜማውን ማስጌጥ አለበት። አገርኛው ለዛ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ጅማሬ ከአዲስ አበባ ውጭም ይቻላል። መስቀል ሲደርስ በጭፈራና በጭብጨባ የሚደምቁት ወልቂጤና ቡታጅራ የሙዚቃ ጆሮ አያንሳቸውም። የከተሞቹ ትምህርት ቤቶች አንድ ፒያኖ፣ ካልተቻለም አንድ ክራር ለልጆቹ ያቅርቡ። ግርማም የጀመሩት በክራር ነው።