ከእርሳስ ማቅለጫው ሥር

በምዕራብ ዌልስ፣ ኩምኧስትዊዝ በሚባል ሸለቆ፣ እርሳስ አውጪዎች ለዘመናት ሲቦረብሩት የኖሩት ተራራ አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሥራው ሲቆም የፈረሱ ቤቶችና የድንጋይ ቁልል ብቻ ቀሩ። ኮፓ ሂል በተባለው ከፍታ ላይ ግን ከእነዚያ ሠራተኞች ጋር የማይሄድ ነገር ተበትኖ ነበር፤ ጫፋቸው የተሸራረፈ ድቡልቡል የድንጋይ መዶሻዎች። ብረትና ባሩድ በእጁ ያለው ሰው ድንጋይ ምን ያደርግለታል?

በ1937 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኦሊቨር ዴቪስ የተባለ ተመራማሪ ቦታውን ቆፈረ። መዶሻዎቹን አገኘ፤ ዕድሜያቸውን ግን ማረጋገጥ አልቻለም። የጥንት ከሰልን ዕድሜ መለካት ገና አልታወቀም ነበርና እንቆቅልሹ ሳይፈታ አደረ።

በ1986 ሳይመን ቲምበርሌክ የተባለ ሌላ ተመራማሪ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ተራራው ወጣ። የጥንቶቹ ቆፋሪዎች ዓለቱን በእሳት አግለው ይሰብሩት ስለነበር አፈሩ ውስጥ ከሰል ቀርቶ ነበር። ከሰሉ በሬድዮካርቦን የዕድሜ መለኪያ ዘዴ ሲመረመር ወደ 4,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ወጣው! እነዚያ ሰዎች በእርሳሱ ተራራ ውስጥ ይፈልጉ የነበረው መዳብ ነው። ብዙዎቹን መዶሻዎች ከባሕር ዳርቻ ድረስ ተሸክመው አምጥተዋል። ውኃውን ከጉድጓዱ የሚያስወጡበት፣ ከግንድ የተፈለፈለ አሸንዳም ጭቃው ውስጥ ሳይበሰብስ ቆይቶ ነበር። እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ይኸው አሸንዳ ነው፤ ውኃ ያስቸገረው ሠራተኛ በዓይን ይታያል።

ነገሩ ያለቀ መሰለ። ዓመታት አለፉና ቡድኑ ወደ ተራራው ግርጌ ወረደ። ባንክ ቲንዶል በተባለው ቦታ የፈለገው ሮማውያንና የመካከለኛው ዘመን ሰዎች እርሳስ ያቀለጡበትን ፍርስራሽ ነበር፤ ጥቀርሻና ዝቃጭ እንጂ ሌላ የሚጠበቅ አልነበረም። በኦክቶበር 2002 ግን ከአፈሩ ውስጥ አንድ ነገር ቢጫ ሆኖ ብልጭ አለ።

ስስ የወርቅ ክብ ነበር። ስፋቱ 39 ሚሊሜትር ሲሆን መሐሉ ላይ በክር የሚሰፋባቸው ሁለት ቀዳዳዎች ነበሩት። በመቃብር ውስጥ ከሟች ጋር የተቀመጠ ሳይሆን አይቀርም፤ አጥንቱን ግን አሲዳማው አፈር በልቶታል። ባለሙያዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ2450 እስከ 2150 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው አሉ። ስለዚህ ባለወርቁ ሰው፣ በተራራው ላይ ከታወቀው የመዳብ ቁፋሮ በፊት ኖሮ ሊሆን ይችላል።

ወርቁ በዌልስ ከተገኙት የወርቅ ጌጦች በዕድሜ ቀዳሚው ተባለ። አሁን ያለው በዌልስ ብሔራዊ ሙዚየም ነው።