ቫይታሚን ሲ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሳንባን ይጠብቃል?

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ አካባቢ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ የጎረቤት ልጅ ልቡን ታሞ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ጠያቂ ዘመድ ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥሎ ይከተላል። አሁን ደግሞ ስልኩ ላይ «ቫይታሚን ሲ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሳንባ ችግርን ይከላከላል» የሚል ያየ ወንድም ኪኒኑን ሊገዛ ይነሳል። ይግዛ ወይስ ይተው?

እንዴ፣ የተከፈተው ልብ ነው፤ ሳንባ ምን አገባው? ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ እየመታ ውስጡን ከፍቶ የተበላሸ ቫልቭ መጠገን በጣም ከባድ ስለሆነ፣ ሐኪሞች ልቡን ለጊዜው ያቆሙታል። ደሙን የሚያዞረውና ኦክስጅን የሚሰጠው ከአልጋው አጠገብ የቆመ ማሽን ነው። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ጊቦን እንዲህ ያለውን ማሽን በሰው ላይ በተሳካ ሁኔታ የተጠቀመበት እ.ኤ.አ. በ1953 ነበር።

ማሽኑ ሕይወት ያድናል፤ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ደም በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሲዞር ነጭ የደም ሴሎች «ጠላት መጣ» ብለው ይነሳሉ። ሳንባው አየር ስለማይገባበት አየሩ እንደወጣ ፊኛ ይሟሽሻል። ደሙ ሲመለስለት ደግሞ ነፃ ራዲካል የሚባሉ፣ ኤሌክትሮን ከሌላው የሚነጥቁ ሞለኪውሎች ይበዛሉ። የሳንባው ስስ ግድግዳ ይቆጣና ፈሳሽ ያሾልካል። በዚያ ላይ የደረት አጥንቱ ስለተሰነጠቀ ታማሚው ማሳልም በጥልቀት መተንፈስም ያመዋል፤ አክታው ይጠራቀማል፣ የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል።

ቫይታሚን ሲ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ለእነዚያ ነጣቂዎች ኤሌክትሮን ሰጥቶ ያበርዳቸዋል። ከቀዶው በኋላ በደም ውስጥ ያለው መጠን ደግሞ ይወርዳል። ፍየል ብትሆኑ ግድ የለም፣ ጉበቷ ራሷ ትሠራዋለች፤ የሰው ልጅ ግን ይህን የሚሠራው ጂን ስለተበላሸበት ከምግብ ማግኘት አለበት። (የቡሬ ልጆች፣ ይቺን ያዙ፦ እ.ኤ.አ. በ1937 የኖቤል ሽልማት ያገኘው የሃንጋሪው አልበርት ሴንት ጆርጂ ቫይታሚን ሲን በብዛት ያወጣው ከበርበሬ ነው። ከጥሬው ማለቴ ነው፤ ሲደርቅና ሲታመስ ብዙው ይጠፋል።)

ሐሳቡ ያምራል። ማስረጃውስ? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የፊንላንድ ተመራማሪዎች ትንታኔ ከልብ ቀዶ በኋላ የሚመጣውን የልብ ምት መዛባት የመረመሩ ሙከራዎችን አሰባሰበ። ከአሜሪካ ውጭ በተደረጉት ቫይታሚን ሲ የተሰጣቸው ሰዎች ላይ ችግሩ በ44 በመቶ ቀነሰ፤ በአሜሪካዎቹ ግን ምንም ለውጥ አልታየም። አንዱ ሊሆን የሚችል ምክንያት፣ በሞላ እንስራ ላይ ውሃ ቢጨምሩበት መፍሰሱ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ስለ ልብ ምት ነው። ሳንባን በቀጥታ የለኩት ሙከራዎች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። በአጭሩ፣ ተስፋ አለ፤ ማረጋገጫ ግን የለም።

«ባይጠቅምም አይጎዳም» ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ሎቪት የተባለ ሙከራ በኢንፌክሽን ክፉኛ በታመሙ 872 ሰዎች ላይ ከፍተኛ መጠን በደም ሥር ሞከረ። ሞት ወይም የማያገግም የአካል ክፍሎች ድክመት ቫይታሚኑን ባገኙት 44.5፣ ባላገኙት 38.5 በመቶ ሆነ። ታማሚዎቹ የልብ ቀዶ የተደረገላቸው ባይሆኑም «አይጎዳም» የሚለውን ቃል ግን ያስጥላል። ብዙ መጠን የኩላሊት ጠጠርም ያመጣል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገብቶለት ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውማ ማንኛውንም ኪኒን ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

እና ወንድምየው? ብርቱካኑን ይውሰድለት፤ መብላት ሲፈቀድለት ይብላ። የኪኒኑን ነገር ግን ለሐኪሙ ይተው። ከዚያ ይልቅ የታማሚውን ትራስ ደረቱ ላይ ደግፎ እንዲያስል፣ በጥልቀት እንዲተነፍስ፣ ነርሶቹ ሲፈቅዱ ተነስቶ እንዲራመድ ይርዳው። ከቀዶው በፊት የመተንፈሻ ጡንቻን ማለማመድ የሳንባ ችግርን እንደሚቀንስ በሙከራ ታይቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ለቫልቭ ቀዶ የሚዳርጋቸው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው፤ መነሻው ደግሞ በወቅቱ ያልታከመ፣ ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ያመጣው የጉሮሮ ሕመም ነው። ታናሽ እህታችሁ ትኩሳት ይዟት መዋጥ ካቃታት ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ስትሬፕቶኮከስ ከሆነ ፔኒሲሊን ያድናታል። ሕመሙ ልቡን የነካው ልጅም መርፌውን በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ፣ ሳያቋርጥ ለዓመታት ይወጋል።