የኤል አሊው ብረትና የጌዶ ድንጋዮች

ጌዶ ውስጥ ሳይንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ከእርሻ ዳር ያገኙትን ከባድ ጥቁር ድንጋይ ይዘው ይመጡና «ቲቸር፣ ከሰማይ የወደቀ ይሆን?» ይሉኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል። ብዙውን ጊዜ የያዙት እሳተ ገሞራ የተፋው ባዛልት ነው፤ አንዳንዴም ብረት ቀጥቃጭ ከምድጃው ጠርጎ የጣለው ዝቃጭ። ባዛልት ውስጥ ማግኔታይት የሚባል ማዕድን ስላለ ማግኔት በጥቂቱ ይስበዋል፤ ስለዚህ ማግኔት ብቻውን አይፈርድም። ዝቃጩን በውስጡ ባሉት ቀዳዳዎች እንለየዋለን። ቁርጡን የሚነግረን ኒኬል ነው፤ የሰማይ ብረት ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ጀምሮ እስከ ሠላሳና ከዚያም በላይ ኒኬል ይይዛል።

በእኛው መንገድ ላይ ባለችው ሆለታ እ.ኤ.አ. በ1923፣ በሐረርጌ ጉርሱም ደግሞ በ1981 ከሰማይ የወደቁት ድንጋይ እንጂ ብረት አይደሉም። ትልቁ ብረት የተገኘው ከጎረቤት፣ ከሶማሊያ ነው። በሂራን ክልል በኤል አሊ አጠገብ የነበረውን፣ 15 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ብረት ግመል አርቢዎች ከትውልድ ትውልድ ያውቁታል፤ ቢላዋቸውንም ይስሉበት ነበር።

እንዲህ ያለ ብረት ከየት መጣ? ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ፀሐይን ይዞሩ የነበሩ ትንንሽ አካላት ሬዲዮአክቲቭ አሉሚኒየም ባመነጨው ሙቀት ቀለጡ። ቅቤ ሲነጠር አተላው ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ከባዱ ብረትና ኒኬል ወደ መሃል ሰመጠ። የኤል አሊው የሚመደብበት ክፍል ግን ከእምብርት ይልቅ ግጭት ካቀለጠው ብረት የተወለደ ይመስላል።

የቀለጠው ከረጋ በኋላ በሚሊዮን ዓመታት ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ኒኬል ያነሰበት ካማሳይትና ኒኬል የበዛበት ቴናይት ይለያያሉ። ብረቱ ተቆርጦ፣ ተወልውሎ በአሲድ ሲታጠብ እርስ በርስ የሚቋረጡ ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ። በ1808 ቪየና ውስጥ ባያቸው በዊድማንሽቴተን ስም ይጠራሉ። ያን ያህል ረጅም ዕድሜ ያለው ላቦራቶሪ ስለሌለ ሐሰተኛ መሥራት አይቻልም።

ከኤል አሊ 70 ግራም ብቻ ተቆርጦ ካናዳ ወደሚገኘው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተላከ። እዚያ አንድሩ ሎኮክ የተባለ ተመራማሪ በመረመረበት የመጀመሪያ ቀን በተፈጥሮ ታይተው የማያውቁ ሁለት ማዕድናት አገኘ፤ ሁለቱም የብረት፣ የፎስፈረስና የኦክስጅን ውህዶች ናቸው። አንዱ ኤላሊያይት ተባለ፤ ሌላው ደግሞ ሳይኪ ወደተባለው አስትሮይድ በ2023 የተወነጨፈውን ተልእኮ በምትመራው በሊንዲ ኤልኪንስ-ታንተን ስም ተሰየመ። ቆይቶም ሦስተኛ ተገኘ፤ ኦልሰናይት።

ዋናው ግንድ ግን ገዢ ፍለጋ ወደ ቻይና ተወስዷል መባሉ ያንገበግበኛል። 70 ግራም ሦስት አዲስ ማዕድን ከሰጠ፣ 15 ቶኑ ውስጥ ገና ስንት ነገር አለ! እረኞቹ በትውልድ የጠበቁት ሀብት ለሀገሩ ልጆች ማስተማሪያ መሆን ነበረበት።

ለዚህ ነው ተማሪዎቼን አጥብቄ የምለምናቸው፦ ያገኛችሁትን ድንጋይ በመዶሻ አትስበሩት፣ በውሃ አትጠቡት፣ ያገኛችሁበትን ቦታና ቀን ጻፉ፣ ተጠራጥረንበት ከቀረ አራት ኪሎ ላሉት የጂኦሎጂ ሰዎች እናሳየዋለን።