ጉርሻ ደመወዝ አይደለም

የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ በሚነሣበትና ሰፊ የጋራ መኖሪያ ቤቶች መንደር በተገነባበት በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ቱሉ ዲምቱ፣ ቁርስ ቤቱ፣ ሥጋ ቤቱ፣ ካፌውና መጠጥ ቤቱ የከባድ መኪና ሹፌሩን፣ የፋብሪካ ሠራተኛውን፣ ተማሪውንና የኮንዶሚኒየም ነዋሪውን ሲያስተናግድ ይውላል፤ ያመሻልም። በእነዚህ ቤቶች የሚሠሩ አስተናጋጆች የሚተዳደሩት በሁለት ገቢ ሲሆን፣ አንዱ ባለቤቱ በየወሩ የሚከፍለው ደመወዝ፣ ሌላው ደግሞ ደንበኛው ሂሳቡን ዘግቶ ሲነሣ የሚተወው ጉርሻ ነው። በቅጥር ጊዜ ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ጉርሻው እንደሚክሰው መንገር በዘርፉ የተለመደ በመሆኑ፣ ጉርሻ በሕግ ፊት ደመወዝን ሊተካ ይችል እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 53 ደመወዝን የሚተረጉመው ሠራተኛው በሥራ ውሉ መሠረት ለሚያከናውነው ሥራ የሚያገኘው መደበኛ ክፍያ ነው በማለት ሲሆን፣ ከዚህ ትርጉም ውጭ የሚሆኑትን ሲዘረዝር የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ አበልን፣ ቦነስን፣ ኮሚሽንንና ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን ይጠቅሳል። የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው በትልልቅ ሆቴሎች ደረሰኝ ላይ ከምግቡ ዋጋ በላይ የሚታሰበው፣ በአብዛኛው አሥር በመቶ የሆነው ጭማሪ ነው። ሕጉ በደረሰኝ የሚሰበሰበውን ይህን ገንዘብ እንኳ ከደመወዝ ካልቆጠረ፣ አሠሪው የማይከፍለው፣ በውልም ያልታሰረውና ደንበኛው በፈቃዱ የሚሰጠው ጉርሻ ደመወዝ ሊባል የሚችልበት መንገድ አይኖርም። እንግዲህ ለአስተናጋጇ የወር ደመወዟን ሳይከፍል «ከጉርሻሽ አግኝተሻል» የሚል ባለቤት ዕዳውን አልከፈለም ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ትርጉም በሌላ በኩል ሠራተኛውን ይጎዳል፤ ምክንያቱም በአዋጁ ውስጥ ያሉት ሌሎች የገንዘብ መብቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሰፈሩት በደመወዝ ነው። የትርፍ ሰዓት ሥራ ቀን ላይ በአንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል ቀን ደግሞ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ሲከፈል፣ የሚባዛው የሰዓት ደመወዝ እንጂ ጉርሻው አይደለም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታም ሠራተኛው ሰባት፣ አሠሪው አሥራ አንድ በመቶ ሲያዋጡ የሚያሰሉት ከደመወዝ ነው። ለምሳሌ ያህል ሁለት አስተናጋጆች በወር እኩል 9,000 ብር ያገኛሉ፣ ነገር ግን የአንደኛዋ 8,000 ብር ደመወዝና 1,000 ብር ጉርሻ፣ የሁለተኛዋ 1,500 ብር ደመወዝና 7,500 ብር ጉርሻ ነው እንበል። ሁለቱም ታመው ከአንድ ወር በላይ ቢተኙ፣ ሕጉ ለቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ እንዲከፈል ስለሚያዝ፣ አንደኛዋ በወር 4,000 ብር ስታገኝ ሁለተኛዋ 750 ብር ብቻ ይደርሳታል። በወሊድ ፈቃድም፣ በሥራ ስንብት ክፍያም ልዩነቱ በዚሁ መጠን ይደገማል። ጤነኛ ሆነው በቆሙበት ወር የማይታየው ልዩነት ገሃድ የሚወጣው እጅግ በሚቸገሩበት ጊዜ መሆኑ ጉዳዩን በቸልታ የማይታለፍ ያደርገዋል።

ለዚህ መፍትሔ ሊሆን የሚችለው ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል፣ ማለትም ማንኛውም አሠሪ ከዚያ በታች ሊከፍል የማይችልበት በሕግ የተወሰነ መጠን ነው። አዋጁ በአንቀጽ 55 የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች የሚገኙበት፣ የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን እያጠና ወለሉን በየጊዜው የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ቢደነግግም፣ ቦርዱን ሥራ የሚያስጀምረው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አዋጁ ከጸደቀ በኋላ ለዓመታት ሳይወጣ ቆይቷል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ጥያቄውን ደጋግሞ አንሥቷል። መንግሥት ለራሱ ሠራተኞች ዝቅተኛውን ደመወዝ ወደ 4,760 ብር፣ ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ቢያሳድግም፣ ይህ መጠን የግል ምግብ ቤቶችን አያስገድድም። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ በወር እስከ 2,000 ብር የሚደርስን ደመወዝ ከግብር ነፃ ሲያደርግ ገንዘቡ ለኑሮ እንኳ የማይበቃ መሆኑን ያመነ ይመስላል፤ ሆኖም በቱሉ ዲምቱ ከዚህ በታች ቀጥሮ የሚያሠራን ባለቤት በመጠኑ ማነስ ብቻ ተጠያቂ የሚያደርግ ድንጋጌ የለም። አዋጁ ቃል የገባው ቦርድ ያለመቋቋሙ ጉዳት የሚያርፈው በዝቅተኛ ተከፋዩ ላይ ነው።

ወለል አለመኖሩ ግን የተስማሙበትን ገንዘብ ላለመክፈል ምክንያት አይሆንም። በዘርፉ በተደጋጋሚ ከሚነሡት ቅሬታዎች አንዱ «ሙከራ ላይ ነሽ» ተብሎ ያለክፍያ መሥራት ሲሆን፣ አዋጁ ግን ከ60 የሥራ ቀናት የማይበልጠውን የሙከራ ጊዜ ሲፈቅድ በዚያ ጊዜም ሠራተኛው እንደ ማንኛውም ሠራተኛ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ደንበኛ ሳይከፍል ሲወጣ ወይም ብርጭቆ ሲሰበር ሂሳቡን ከአስተናጋጇ ደመወዝ ማንሣትም የተለመደ ነው። ሕጉ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር ከደመወዝ መቀነስን ይከለክላል፤ በተፈቀደበትም ጊዜ ቅናሹ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ያግዳል። ሠራተኛዋ ምግቧን ከቤቱ መብላቷም ቢሆን፣ በዓይነት የሚከፈል ደመወዝ ስምምነትን የሚጠይቅና በጥሬ ገንዘብ ከሚከፈለው 30 በመቶ ሊበልጥ የማይችል በመሆኑ፣ ደመወዟን አያስቀርም።

ብዙዎች መብታቸውን የሚያጡት በሕጉ ጉድለት ሳይሆን በጊዜ ማለፍ ነው። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ይርጋ ማለት በሕግ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ያልተጠየቀ መብት በክስ ሊጠየቅ የማይችል መሆኑ ነው። «በሚቀጥለው ወር ጠቅልዬ እሰጥሻለሁ» እየተባለች አንድ ዓመት የቆየች አስተናጋጅ የመጀመሪያዎቹን ወራት ደመወዝ ልታጣ የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው። አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ካመነ ግን የይርጋው ቆጠራ ይቋረጣል፤ ስለዚህ አንዲት አጭር የስልክ መልእክት እንኳ ተጠብቃ መቀመጥ ይገባታል። የሥራ ውሉ በጽሑፍ አለመደረጉ መብትን አያሳጣም፣ ለሥራ ክርክር ችሎት የሚቀርብ ክስም የዳኝነት ክፍያ የለበትም፤ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱም በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ አዋጁ ያዛል። የሥራ ውል ሲቋረጥ ክፍያው በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም ያለበት ሲሆን፣ አሠሪው ያለበቂ ምክንያት ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊወስንበት ይችላል።

ጉርሻን ከደመወዝ መቁጠር በሕግ ከተፈቀደባቸው አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። በዚያ የፌዴራሉ ሕግ አጠቃላይ ወለሉን በሰዓት 7.25 ዶላር አድርጎ፣ ጉርሻ ለሚያገኙ ሠራተኞች ግን አሠሪው 2.13 ዶላር ብቻ እንዲከፍል ይፈቅዳል፤ ይህም መጠን እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ አልተለወጠም። ሆኖም ጉርሻው ተደምሮ ወለሉን ካልሞላ ልዩነቱን የመሙላት ግዴታ የአሠሪው ነው። ብዙ የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች ባሉባት ዋሽንግተን ዲሲ መራጮች በ2022 ሁለቱ መጠኖች ቀስ በቀስ እንዲተካከሉ ቢወስኑም፣ የከተማዋ ምክር ቤት በ2025 ውሳኔውን ገድቦታል። ብሪታንያ በበኩሏ አሠሪው ከጉርሻ አንዳች እንዳይወስድና በፍትሐዊነት እንዲያከፋፍል የሚያስገድደውን ሕግ ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች።

ይህ የመጨረሻው ጉዳይ በቱሉ ዲምቱም እየቀረበ መጥቷል፤ ደንበኛው ሂሳቡን በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፍል ጉርሻው አብሮ ወደ ቤቱ ሂሳብ የሚገባበት አጋጣሚ ስለሚኖር፣ የማን እንደሆነና መቼ እንደሚከፋፈል በሥራ ውል ወይም በኅብረት ስምምነት በግልጽ ካልተጻፈ አስተናጋጇ የምትጠይቅበት ማስረጃ አይኖራትም። የኅብረት ስምምነት ለመደራደር ደግሞ ማኅበር ያስፈልጋል። አዋጁ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር እንዲቋቋም ከመፍቀዱም በላይ፣ ከአሥር ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው ድርጅቶች የሚሠሩም ተሰባስበው፣ አባላቱ ከአሥር እስካላነሱ ድረስ፣ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት እንደሚችሉ ይደነግጋል፤ በአንድ መንገድ ዳር የተደረደሩ የሦስት ወይም የአራት ትናንሽ ምግብ ቤቶች አስተናጋጆችና ወጥ ሠሪዎች ቢስማሙ ይህን ቁጥር ይሞላሉ።