ፖስተሩን ዝም ብላችሁ አትለፉት

የጤና ሳይንስ ኮሌጆች ዓመታዊ የምርምር ጉባኤ ሲቃረብ ግቢው በር ላይ የሚሰቀለው ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ይዘረዝራል፤ የክብር እንግዳ ንግግር፣ ሽልማትና የፖስተር አውደ ርዕይ። ንግግሩን አዳራሽ ገብቶ ማዳመጥ ነው። ሽልማቱም ጭብጨባና ፎቶ አያጣም። ሦስተኛው ግን በሻይ ሰዓት፣ ኮሪደር ላይ፣ ሰው ስኒ ይዞ እየተጋፋ የሚያልፈው ነው። እኔ የማደላው ለእሱ ነው።

ለማያውቀው፣ ፖስተር ማለት አንድ ጥናት በአንድ ትልቅ ወረቀት ወይም ባነር ላይ ታትሞ የሚቀርብበት መንገድ ነው። የተለመደው መጠን ኤ ዜሮ የሚባለው፣ ወደ 84 በ119 ሴንቲ ሜትር የሚሆነው ነው። ጥናቱን የሠራው ሰው አጠገቡ ይቆማል፤ የመጣ ያነባል፣ ይጠይቃል። ስልቱ በአውሮፓ የሳይንስ ጉባኤዎች ላይ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ታይቶ በ1970ዎቹ አሜሪካ ገባ።

ስለ ፖስተር አንድ ክፉ እምነት አለ፤ መድረክ ላልደረሰው ሰው ማጽናኛ ነው የሚል። ተማሪዎች «ኦራል አልደረሰኝም፣ ፖስተር ነው የሰጡኝ» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። አንዳንድ አማካሪም «አይዞህ፣ ለከርሞ» ብሎ ያልፋል። ይህ ያናድደኛል። መድረክ የወጣው ሰው አሥር ደቂቃ ይናገራል፣ ሁለት ጥያቄ ይቀበላል፤ የሚጠይቁትም ማይክ መጨበጥ የለመዱት ናቸው። ፖስተር ፊት ማይክም ሰብሳቢም የለም። ቆሞ ማውራት የሚችል ሁሉ ጠያቂ ነው።

አንድ ጉባኤ ላይ የሰማሁትን ልንገራችሁ። አንዲት የሚድዋይፍሪ ተማሪ፣ እናቶች በጤና ጣቢያ የወሊድ አገልግሎት ምን ያህል እንደሚረኩ ያጠናችውን ይዛ ቆማለች። ዳኞቹ አይተው ሄደዋል፤ የጠየቋት ስለ ናሙናው ብዛትና ስለ ስሌቱ ነበር። ቀጥሎ የግቢው ጥበቃ፣ አንድ ጠና ያሉ ሰው፣ ቀረብ አሉና «ምንድን ነው ልጄ?» አሏት። ነገረቻቸው።

«መቼ መቼ ነው የጠየቃችኋቸው?»

«በሥራ ሰዓት ነው አባቴ፤ ወልደው ሲወጡ።»

«ሌሊት መጥተው ወደ ሆስፒታል የሚላኩትስ? እኔ ፊት ጤና ጣቢያ ነበር የምጠብቀው፤ በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነበርኩ። ጠዋት እኮ እዚያ አይገኙም።»

ልጅቷ ትንሽ ዝም አለችና ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አውጥታ ጻፈችው። የጥናቷ ትልቁ ክፍተት እሱ ነበር፤ አምቡላንስ የጠበቁት፣ ባለሙያ ያጡት፣ የሚያማርሩበት ምክንያት ያላቸው እናቶች ከመጠይቁ ውጭ ቀርተዋል። አዳራሹ ውስጥ ቢሆን እኚያ ሰው ከበሩ አያልፉም ነበር።

የሕክምና ምርምራችን ትልልቅ ታሪኮች ከእንዲህ ዓይነት ሰዎች ዕውቀት ጋር የተያያዙ ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ከተማ፣ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው ትል እጭ የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና ነገሩ ቀላል አልነበረም። እሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙ። እንዶድን ለልብስ ማጠቢያ ሲያውሉ የኖሩት ግን እናቶቻችን ናቸው። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም ከጅምሩ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን በአንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ከመንደር የተነሣ ትምህርት ለመንደር ሰው ጥያቄ ጆሮ መንፈግ የለበትም።

ጥፋቱ የተመልካች ብቻ አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፉን እንዳለ አሳንሶ ባነር ላይ የሚያሳትም ተማሪ ሰውን ያባርራል። ከሁለት ሜትር የማይነበብ ፖስተር አልተሰቀለም ማለት ይቻላል። ማይክ ሞሪሰን የተባለ አሜሪካዊ በ2019 (እ.ኤ.አ.) ያስፋፋው ንድፍ ዋናውን ግኝት መሐል ላይ በትልልቅ ፊደል፣ ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ ያስቀምጣል፤ ሰንጠረዡ ወደ ዳር ይሄዳል። እኛ ዘንድ ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ብትጻፍ ጥበቃውም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ አስታማሚውም ቆመው ያነቧታል። ተማሪውን ሰላም ሳትሉ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ የምትሄዱም ተዉ፤ ልጁ የቆመው ሊያስረዳችሁ ነው።

ጉባኤው ሲያልቅ ፖስተሩ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣል፤ ዓመቱን ሙሉ አቧራ ይጠጣል። መሄድ ያለበት መረጃው ወደተሰበሰበበት ጤና ጣቢያ ነው፤ መጠይቁን የሞሉት እናቶች ለክትባት ሲመጡ እንዲያዩት። የዘንድሮ ጉባኤ አዘጋጆች ደግሞ ለፖስተር የራሱን አንድ ሰዓት መድቡለት፤ ከሻይ ሰዓት አውጡት፤ በሩንም ለሠራተኛውና ለአስታማሚው ክፈቱ።